የጠፋች በቅሎ የሚመልስ ቁጥር

ዛሬ አራዳ ገበያ አንድ ቁጥር በግ ሊበላ ሲል ደረስኩ።

የጎረቤቴ የበላይነሽ በቅሎ ጠፍታለች። አንድ ደብተራ በአንድ በግ ዋጋ ክታብ ላይ ፲፬፼፳፰፻፶፯ ጻፈላት፤ አሥራ አራት እልፍ፣ ሃያ ስምንት መቶ፣ አምሳ ሰባት፣ ማለትም መቶ አርባ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አምሳ ሰባት መሆኑ ነው። ከዚያ እጥፍ አደረገው፦ ፳፰፼፶፯፻፲፬።

«አየሽ? አሥራ አራት፣ ሃያ ስምንት፣ አምሳ ሰባት ዞረው ተመለሱ። በቅሎሽም እንዲሁ ትመለሳለች። በጉን አምጪ!»

ሒሳቡስ እውነት ነው። እኔ ግን አርፌ አልቀመጥም።

«እስቲ በሦስት ያባዙት» አልኩ።

፵፪፼፹፭፻፸፩ ወጣ፤ አርባ ሁለት፣ ሰማንያ አምስት፣ ሰባ አንድ። አንዱም አልተመለሰም! ደብተራው ጥምጥሙን ማስተካከል ጀመረ።

በላይነሽ ግን እኔን ተቆጣች። «የጠፋችኝ አንዲት በቅሎ ናት፤ ሦስት ማን ጠየቀህ?» ብላ በጉን አስረከበች።

እናንተስ በሒሳብ ረትታችሁ በክርክር የተሸነፋችሁበት ቀን የለም? አጫውቱኝ፤ ብቻዬን አልፈር።