ዝናብ ወደ ላይ የሚዘንብበት ቤት

የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ እናቷ በፍላሽ ያመጣችላትን የጥንት የተረት ፊልም ስንት ጊዜ አብረን እንዳየነው እንጃ። ጥቁርና ነጭ ነው። አንዲት ልጃገረድ ሰው የሌለበት ትልቅ ቤት ትገባለች፤ ጥላዋ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል፣ ወንበሮቹ ዞር ብለው ያዩዋታል፣ ዝናቡ ደግሞ ከወለሉ ተነስቶ ወደ ጣሪያው ይወጣል። በምን ጥበብ እንደሠሩት አላውቅም፤ ብቻ ባየሁት ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ከሥር ጽሑፍ ይሮጣል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም እየነገርኳት የምትጽፈው ልጄ ናት። ትንሿም ገና ናት። "ምን አለች?" ስትለኝ፣ ማለቴ ልጅ ዝም አይባልም፣ የመሰለኝን እነግራታለሁ። "በሩ ፊት ዝም ብለሽ ከቆምሽ ቤቱ ያውቅሽና ራሱ ይከፍትልሻል። ሰው ሲጠራሽ አቤት ካልሽ ግን እዚያው ያስቀርሻል" አልኳት።

ባለፈው ካዛንቺስ ወደ ፈረሰው ቤታችን ይዣት ሄድኩ፤ ግቢው ውስጥ የቀረችኝን ጤና አዳም ከነሥሯ ልነቅል። ሰፈሩ ያንን ፊልም መስሎ ጠበቀኝ። ጣሪያ የለም። የሰው መኝታ ቤት ሰማያዊ ግድግዳ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ አንድ መስታወት ብቻውን ተሰቅሎ ደመና ያሳያል። ስካቫተሩ ከወዲያ ጫፍ ግድግዳ እየገፋ ይመጣል። ጤና አዳሜን በፌስታል ቋጥሬ ቀና ስል ልጅቷ የለችም።

ጠራኋት። ዝም። ደግሜ ጠራኋት። ለምን እንደማትመልስ ገባኝ፤ አቤት እንዳትል ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ፍርስራሹን እየረገጥኩ ስሄድ የጎረቤታችን በር ፊት ቆማ አየኋት። በሩ ከነመቃኑ አለ፣ ከኋላው ግን ቤት የለም። የማሽኑ ጥርስ ከጎኑ ያለውን ግድግዳ ነክቷል። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ወገቧን ይዤ ጎተትኳት። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

"እማማ፣ ልጅ ይዘው እዚህ ምን ይሠራሉ? ለጥቂት እኮ ነው።"

"ይቅር በለኝ ልጄ" አልኩት።

አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጫት እውነቱን ነገርኳት። "እኔ ማንበብ አልችልም። ያልኩሽን ሁሉ ከሆዴ ነው ያመጣሁት። ከእንግዲህ ስጠራሽ አቤት በይ፣ እሺ?"

"እሺ እቴቴ" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "ታዲያ በሩ ለምን ተከፈተልኝ?"

እውነቷን ነው፤ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ማሽኑ አንቀጥቅጦት ነው አልኳት። እሷ ግን አንገቷን አዙራ ወደዚያው ታያለች። ታክሲ እስክንገባ እጇን አልለቀቅኩም።