በሩን ማን ነበር የሚያንኳኳው

ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ሳጥን ብቅ ትላለች። «መግቢያውን ዝለል» ትላለች። ልጄ ሰሞኑን ሱቃችን ውስጥ ለአንድ ደንበኛ ቴሌቪዥን ስታሳይ ተከታታይ ድራማ ከፈተችና፣ ሙዚቃው ገና ሳይጀምር ያቺን ሳጥን ተጫነቻት።

«ምነው ዘለልሽው?» አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! መግቢያ ማን ያያል?»

ደንበኛውም ራሱን ነቀነቀላት። ገና ያልገዛ ደንበኛ አይሳሳትም። እጄ ግን አልተስማማም። ባንኮኒውን አንኳኳሁ፤ ሁለቱን ፈጠን፣ ሦስተኛውን ዘግየት አድርጌ። ለምን እንደዚያ እንዳንኳኳሁ የገባኝ ካንኳኳሁ በኋላ ነው። ወዲያው የዝንጅብል ሻይ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ሱቄ ውስጥ ደግሞ ከካርቶንና ከፕላስቲክ በቀር የሚሸት ነገር የለም።

እዚሁ መናኸሪያ፣ አሁን እኔ ካለሁበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ባለሻይ ነበረች። እትዬ እንላታለን። ያኔ እኔ ጎረምሳ ነኝ፤ ካልሲ፣ ቀበቶና ማበጠሪያ ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ አውቶቡስ ለአውቶቡስ እዞራለሁ። የሻጭነት ትምህርቱን ከየት አመጣኸው ብትለኝ፣ ከአውቶቡስ መስኮት ሥር ነው። ተሳፋሪው መስኮቱን ሳይዘጋብህ በአንድ ቃል ልታስቆመው ይገባል። ያንን ያልቻለ ካልሲውን ራሱ ያጠልቀዋል።

እትዬ ቤት አንዲት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ፣ ሙሽራ ይመስል፣ ነጭ ዳንቴል ለብሳ ትቀመጣለች። ዳንቴሉ የሚነሳው እሁድ ከሰዓት በኋላ ድራማው ሊጀምር ሲል ነው። ማንሳቱ እንደ ቀላል ነገር አይታይም ነበር። ቤት ውስጥ ያለ ትልቅ ሰው ይጋበዛል፤ «ኧረ እርስዎ ያንሱት»፣ «ኧረ እሱ ያንሳው» ይባላል፤ በደንብ ከተግደረደረ በኋላ ተነስቶ በሁለት እጁ ይገልጠዋል። ብዙ ጊዜ የሚያነሱት የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ነበሩ። አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡታል፤ እስኪያልቅ ድረስ ለማንም አይሰጡም።

ድራማው ራሱ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እንደ ነገሩ ነበር። ግማሹ ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ግማሹ ቆሞ ያጽናናዋል። መግቢያው ግን ሌላ ነው። የተዘጋ የቆርቆሮ በር ይታያል። ቋ ቋ… ቋ። ውሻ ይጮሃል። ከግቢው ውስጥ ኮረት እየረገጠ የሚመጣ እግር ይሰማል። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ «ማነው?» ይላል፤ የፈራ አይደለም፣ የተቆጣም አይደለም፣ ሲጠብቅ የኖረ ድምፅ ነው። መቀርቀሪያው ይንቋቋል፣ በሩ ገርበብ ይላል፣ ልክ የቆመውን ሰው ልናይ ስንል ክራሩ ይገባና ርዕሱ ይጻፋል። በቃ። አንድም ቀን አሳይተውን አያውቁም።

በዚህ ጉዳይ መናኸሪያ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ልብስ ሰፊው «ጠፍቶ የኖረ ባሏ ነው» ይላል። ሐጂ ደግሞ «ምን ባል! ግብር ሰብሳቢ ነው፤ እንደዚያ የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለም» ይሉ ነበር። አየህ፣ የገባኝ ያኔ ነው። ጎበዝ ሻጭ ዕቃውን በሙሉ አያሳይህም። እጅህን ዘርግተህ «እስቲ ልየው» እስክትል በሩን ገርበብ ያደርግልሃል።

በኋላ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሆቴል ባለቀለም ቴሌቪዥን ከነጀነሬተሩ አመጣ። ጀነሬተሩን በረንዳው ላይ አቆመው፤ ያለውን ሁሉ ሰው እንዲያይለት የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነበር። የእትዬ አግዳሚዎች ሳሱ። ይባስ ብሎ የእሷን ቤት ለቢራ ሳጥን ማስቀመጫ ፈልጎ አከራይዋን ያግባባ ጀመር። አከራይዋ ዕድሜ የተጫናቸው፣ ቃላቸውን የማያጥፉ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው። መጥተው እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ እሁድ መጥቼ አያለሁ። ቤትሽ ሰው ካለው ትቀጥያለሽ። ከሌለው ግን ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ።»

ቁልፉን ካስረከበች ዕቃዋን ጭና ወደ ገጠር፣ ወደ ቱላ፣ ወደ ወንድሟ ማሳ መመለሷ ነው። እሷም አልደበቀችንም። ሻይ እየቀዳች «እሁድ ብትቀሩ ታዩኛላችሁ» አለችን፤ እየሳቀች ነበር፣ ብርጭቆው ግን ሞልቶ ፈሰሰ።

እሁድ ሆነ። ዝናብ አካፍቶ ነበር። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ የዓሣ ጥብስ ሽታ ይዞ ይገባል፤ በሩ ላይ የተደገፉት ብስክሌቶች ውሃ ያንጠባጥባሉ። ያገኘነውን ሰው ሁሉ ጎትተን አምጥተናል። አከራይዋ ከጸሎት መልስ፣ ከነኮታቸው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሐጂ ተግደርድረው ጨረሱ፣ ተነሱ፣ ዳንቴሉን ገለጡ። መብራት ሄደ።

«ወይኔ!» አለ ቤቱ በአንድ አፍ። ማዶ ጀነሬተሩ ዱግ ዱግ ዱግ ማለት ጀመረ። አንዱ አግዳሚ ሲጢጥ አለ፤ ሰው ሲነሳ ነው። ሌላው ተከተለ። እትዬ ትሪ እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ የምታየው ሰዎቹን አይደለም፣ ቁልፉ የተሰቀለበትን ሚስማር ነው።

ጀግንነት እንዳይመስልህ። መስኮቱ እየተዘጋ ነበር፣ እኔ ደግሞ የአውቶቡስ መስኮት ሥር ነጋዴ ነኝ። ጠረጴዛውን አንኳኳሁት። ቋ ቋ… ቋ።

የተነሱት በቆሙበት ቀሩ። ከጥግ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ረዳት እንደ ውሻ ጮኸ፤ ሰፈሩን ሙሉ ሲያስነሳ የኖረው ጉሮሮው ለካ ውሻም ይወጣዋል። ከዚያ፣ አላምንም ትል ይሆናል፣ ሐጂ ዳንቴሉን በአንድ እጃቸው እንደያዙ የስኳሩን ጣሳ አነሱና ቀስ እያሉ ነቀነቁት። ቸር… ቸር… ቸር። ኮረት ላይ የሚራመድ እግር ሆነ። አከራይዋ ሳይታወቃቸው ወደ በሩ ዞር አሉ።

አሁን የሴትዮዋ ድምፅ ብቻ ቀረ። ተያየን። ማን ይበለው? እኔ ልል አፌን ስከፍት ከጓዳው በር፦

«ማነው?»

እትዬ ናት። ልክ እንደዚያ፤ ያልፈራ፣ ያልተቆጣ፣ ሲጠብቅ የኖረ። ድራማው ሲጀምር እኮ እሷ ሁልጊዜ ጓዳ ሻይ ስትቀዳ ነው። ያንን በር አንድም ቀን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ የምታውቀው በጆሮዋ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊው በአፉ ክራሩን አስገባ፣ ቤቱም በጭብጨባ ተናጋ። የተነሱት ተቀመጡ።

ጭብጨባው መንገዱን ተሻገረ። መጀመሪያ አንድ ነጂ ከማዶ እየሮጠ መጣ።

«እዚህ መብራት አለ እንዴ?»

«የለም!»

«ታዲያ እንዴት ይሰማል? እዚያ እኮ የሚተውነው ጀነሬተሩ ነው! አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዱግ ዱግ ይላሉ።»

ሳቃችን ሌላ ሰው ጠራ። ባለሆቴሉ ምስሉን ገዝቶ ድምፁን በገዛ ጀነሬተሩ ውጦት ነበር። ሰው ብርጭቆውን እንደያዘ ይሻገር ጀመር። «ድገሙት! ድገሙት!» አሉን፤ ደገምነው። አግዳሚው ሞላ፣ መስኮቱ ሞላ፣ የብስክሌት ኮርቻ ላይ ሳይቀር ተቀመጡ። መብራቱ አልመጣም፣ ማንም አልናፈቀው። የሳምንቱን ክፍል ራሳችን ፈጠርነው፤ ሶፋ ላይ የሚያለቅሰውን ሁሉ አስነስተን ሥራ አስገባነው።

በመጨረሻ ባለሆቴሉ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ደንበኞቼን ምን አበላችኋቸው?» አለ።

«ግባ፣ ሻይ አለ» አለችው እትዬ። «መቀመጫ ግን የለም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀና ቆሞ ጠጣ። አከራይዋ ተነስተው ሚስማሩ ጋ ሄዱ፣ ቁልፉን በጣታቸው ነካ አድርገው እዚያው ተዉት። «እዚሁ ይሰቀል» አሉ። ወጥተው ሲያበቁ ተመልሰው አንገታቸውን አስገቡና፣ «ግን ማነው የሚያንኳኳው?» አሉ። ጭቅጭቁ እንደ አዲስ ጀመረ።

ድራማው አለቀ፤ ማን እንደሆነ ሳይነግሩን። እትዬ ግን በዚያች ሻይ ልጆቿን አሳደገች፣ ኋላም ስትደክም በራሷ ፈቃድ፣ በራሷ ገንዘብ ቱላ ቤት ሠራች። በሄድኩ ቁጥር የቆርቆሮ በሯን እንደዚያ አንኳኳለሁ፤ እሷም ከውስጥ እንደዚያ ትመልሳለች። ዓይኗ ከደከመ በኋላም ድምፅዋ አልደከመም።

ዓምና አረፈች። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ለቅሶ ቤት መቼም አይንኳኳም። ድንኳኑ ውስጥ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ልገባ አንድ እግሬን አነሳሁና አቃተኝ። የተከፈተውን ቆርቆሮ አንኳኳሁት። ቋ ቋ… ቋ።

ወጣቶቹ አበደ እንዴ ብለው አዩኝ። ከድንኳኑ ጥግ ግን፣ ጋቢ ተከናንቦ ከተቀመጠ ሽማግሌ፣ ቀስ ብሎ መጣ፦

«ማነው?»

ባለሆቴሉ ነበር። አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ።