ካሤ የቆለፈበት ዲስክ
ሰቆጣ ውስጥ ፍሬን የሚያውቅ መካኒክ ካሤ ብቻ ነው ብል ሌሎቹ ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙ። እኔ ሚፍታሕ ነኝ፤ ከጋራዡ ጎን መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሌላው መካኒክ የፍሬን ዲስክን በጥፍሩ ዳብሶ «ደህና ነው» ሲል፣ ካሤ ውፍረቱን በካሊበር ሳይለካ ጎማ አይመልስም። ለዚህ ነገሩ ሾፌሮች «ነገረኛው» ይሉታል።

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ሾፌሩ ብዙነህ ወደ አምደወርቅ የሚሄደውን ሚኒባስ ከነተሳፋሪው አመጣው። ፍሬን ሲይዝ ይጮኻል አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ የፍሬን ሸራ ከእኔ ሲገዛ ዲስኩስ እንዴት ነው አላልኩትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብዬ ሸጥኩለት።

ካሤ የፊት ጎማውን ፈታ። ዲስኩ ሸራው የሚነካው ቦታ ላይ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ዳሩ ግን እንደ ድስት ከንፈር ቆሟል። ካሊበሩን ዳሩ ስለሚይዘው፣ ካሤ እንደ ልማዱ በሁለቱም በኩል ጎድጓዳው ላይ አንድ አንድ ባለአንድ ብር ሳንቲም አስደግፎ ከነሳንቲሙ ለካ። የሳንቲሞቹን ውፍረት በኋላ ይቀንሳል። ብዙነህ በትከሻው በኩል አሻግሮ አነበበና ወደ ተሳፋሪው ዞረ።

«ሃያ ስምንት ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከሃያ ስድስት አይውረድ ነው።»

«ሳንቲሞቹ አራት ሚሊሜትር ናቸው። ሃያ አራት ቀረ» አለ ካሤ።

«ብረት ከሳንቲም ጋር ይለካል እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ። ደሜ ፈላ።

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ ይታየሽ፣ ከመኪናው ወረደች። እናቷ እዚያው አምደወርቅ ዐርፈው ቀብራቸው የዚያኑ ዕለት በስምንት ሰዓት ነበር።

«ካሤ ወንድሜ፣ ጎማውን ግጠምልኝ። እናቴን ልቅበርና ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ፍታ።»

«እትዬ ይታየሽ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ከጋለ አይይዝም። እርስዎንም እንቀብራለን።»

«እሱ የእግዜር ፋንታ ነው።»

ካሤ ዲስኩን ነቅሎ መጋዘኑ ውስጥ ቆለፈበት። ሰው ሰደበው፤ አንዱ ድንጋይ አነሳ። ከሁሉ በላይ የጮኸው ደግሞ ዲስኩን እንደዚያ እስኪሆን የነዳው ብዙነህ ነበር። ሌላ መኪና የተገኘው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ይታየሽ ስትደርስ ቀባሪው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከካሤ ጋር ለቅሶ ደረስን። ይታየሽ ቀና ብላ አየችው። «እናቴን አፈር ሲያለብሷት አላየሁም» አለችው። ካሤ አንገቱን ደፋ። ያልተገለበጠ መኪና ምስክር የለውም። ይህች አገር የሞተ ትቆጥራለች እንጂ የተረፈ አትቆጥርም።

ብዙነህስ? አዲስ ዲስክ አስገጥሞ ለቀስተኛ በነጻ አመላልሷል ተብሎ፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጦ ንፍሮ ይቅማል። «የተበላ ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ ያሰረው እሱ፣ ሳልጠይቅ የሸጥኩለት እኔ ነኝ፤ ካሤን ተዉት» ልል ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ንፍሮ ዘገኑልኝ፤ ተቀብዬ ቁጭ አልኩ።