ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል

ተከራዮቹ «ቁልፌ» ይሉታል፤ የሕንፃውን ቁልፎች በሙሉ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራልና። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርጓል፣ ቧንቧ ጠግኗል፣ አምፖል ቀይሯል። የሚኖረውም እዚያው ነው፤ ከሚስቱ ጋር፣ ከመግቢያው ደረጃ ሥር ባለች አንዲት ክፍል። አሮጌው ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «እዚህ እስከሠራህ እዚሁ ኑር» ብለው የሰጡት ናት። ሚስቱ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አትወጣም። ቁልፌ ጠዋት ጠዋት ፈጣሪውን ሲያመሰግን ከዚያች ክፍል ይጀምራል።

ሽማግሌው ሲሞቱ ሕንፃውን ልጃቸው ወረሰ። ወራሹ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁልፌን «አባባ» እያለ በአክብሮት ነው የሚያናግረው። ባዶ ቦታ ሲያይ ግን ያመዋል።

በሽታውን የቀሰቀሰበት ደግሞ ራሱ ቁልፌ ነው። አንድ ቀን ዝም ብሎ ቢያልፍ ምን ነበረበት? «ጣሪያው እኮ ያለ ሥራ ተቀምጧል» አለ። በወሩ ጣሪያው ተከራይቶ የአንቴና ምሰሶ ቆመበት።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ከአማካሪ ይበልጣሉ! ሌላስ?» አለ ወራሹ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ።

ቁልፌ ዕድሜውን ሙሉ አማካሪ ተብሎ አያውቅም፤ ልቡ ሞቀ። ምድር ቤቱን ጠቆመ፤ የባለሱቅ መጋዘን ሆነ። የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ጠቆመ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ዘንግቷል። መሰላሉ፣ የቀለሙ ባልዲ፣ የተረፈው ቧንቧ፣ ያ ሁሉ ዕቃ የሚቀመጠው እዚያ ነበር። ዕቃው ከየቦታው እየተባረረ መጥቶ መጀመሪያ አልጋቸው ሥር፣ ቀጥሎ ራስጌያቸው፣ በመጨረሻም በአልጋውና በበሩ መካከል ተገተረ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ፣ «አንድ ምክር ብትጨምር እኔን የምታስቀምጠኝ ኪስህ ውስጥ ነው።»

«ታገሺ እንጂ፣ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። የማታውቀው አንተ ነህ።»

አንድ ረቡዕ ጠዋት ወራሹ ሜትር ይዞ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አስከትሎ መጣ። በሩን ገፋ አድርጎ መሰላሉንና ባልዲውን አየ።

«ይሄ ዕቃ ቤት ሆኗል እኮ!»

«ቤታችን ነው፣ ጌታዬ።»

«አውቃለሁ አባባ። ግን ቀን ቀን እርስዎ ሥራ ላይ ነዎት፣ ባዶ ነው። ለዕቃው ጓሮ ቆርቆሮ እንመታለታለን። ቀን እሷ ትስፋበት፣ ሲመሽ የእናንተ ነው።»

«እኔስ?» አለ አንድ ድምፅ ከመሰላሉ ጀርባ።

ወራሹ ክው አለ። «እማማ፣ አላየሁዎትም... ለእርስዎ ደጅ ወንበር እናወጣለን።»

ቁልፌ እምቢ ሊል ፈለገ። ግን በምን አፉ? ክፍሏ በቃል የተሰጠች ናት፤ ቃሉን የሰጡት ሰው አፈር ገብተዋል። በደሞዙ የሚያገኘው ቤት ቢኖር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ማለት ለሚስቱ ሰማይ ቤት ነው። «ይያዙልኝ እስቲ» አለና ወራሹ የሜትሩን ጫፍ ዘረጋለት። ያዘ።

ሚስቱ ከአልጋዋ ንቅንቅ አላለችም። «ከለካችሁ አይቀር እኔንም ጨምራችሁ ለኩኝ!»

ልብስ ሰፊዋ ጠጋ አለች። «እማማ፣ የቀሚስ ጫፍ መዘምዘም ይችላሉ?»

«ያመመኝ ጉልበቴ ነው፤ እጄ ምን ሆነ?»

«እንግዲያው የትም አይሄዱም።»

እንዲህ ሆኖ ሚስቱ ደጅ ከመቀመጥ ተረፈች፤ ተመስገን ነው። አሁን ቁልፌ ለምሳ ሲመጣ ውስጥ ሴቶች ልብስ ይለካሉ። በሩን ያንኳኳል።

«ማነው?» ይላል የማያውቀው ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«ሰው አለ፣ ትንሽ ይታገሡ!»

ሚስቱ ሰሃኑን በበሩ ክፍተት ታቀብለዋለች። ባርኮ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይበላል። ተከራይ ሲወርድ ሰሃኑን ይዞ ይነሳል፤ አሳልፎ ይቀመጣል። ሌላው ሲወጣም ይነሳል።