የሰው አገር ሕግ ተከትዬ ወደ ባምባሲ

ረቡዕ፣ ከአሶሳ

ከአሶሳ የተነሳሁት ራሴ የለጠፍኩትን ወረቀት ለማስተባበል ነው። በከተማው አንዲት ትንሽ የንባብ ክፍል እጠብቃለሁ። አንድ መምህር ሲዛወር የተወልኝ፣ የአሜሪካ ሕጎችና የፖለቲካ ክንውኖች በየዕለታቸው የተዘረዘሩበት መጽሐፍ አለኝ። በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር እየመለስኩ ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። ኅዳር 27 ባርነትን የሻሩበት፣ ሰኔ 27 ነጻነታቸውን ያወጁበት፣ ነሐሴ 12 ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙበት ነው። ግንቦት 12 የለጠፍኩት በእነሱ አቆጣጠር በ1862 ፕሬዚዳንታቸው የፈረሙትን የመሬት ሕግ ነበር። መሬት ወስዶ አምስት ዓመት የኖረበትና ያረሰው ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል።

የአገሩን ስም የጻፍኩት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ርዕሱ ላይ ነው። ለገበያ የመጣ አንድ ሰፋሪ መካከሉን ብቻ ገልብጦ ይዞት ሄደ። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው በባምባሲ አቅጣጫ የሰፈሩ ሰዎች፣ ክልሉ አዲስ ከተቋቋመ ወዲህ መሬቱ ይጸናላቸው እንደሆነ አያውቁም፤ ብዙዎቹም እየተመለሱ ነው። ማክሰኞ አንድ የበርበሬ ነጋዴ እንዲህ አለኝ፦

"ያ ሕጋችሁ ሰፋሪውን ሰይድን አስቀረው። አርብ ወደ ወሎ ሊሳፈር ጓዙን ጠቅልሎ ነበር። አሁን 'አምስት ዓመት ቢሉ እኔ አስር አርሻለሁ' ብሎ ፈታው።"

እስከ ባምባሲ በእህል መኪና አራት ብር ከፈልኩ። አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዝናብ ስለጀመረ ግን አራት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "አንተ ጸሐፊ፣ እርሳስ ብቻ ነው እንዴ የምትገፋው?" አለኝ። ማታ ሽሮ በሁለት ብር በላሁ፤ ለአልጋ ሦስት ብር ከፈልኩ። ቁንጫው አላስተኛኝም።

ሐሙስ፣ በእግር

ሦስት ሰዓት ተጓዝኩ። መንገዱ በቀርከሃ መካከል ያልፋል፤ ጭቃው ጫማዬን ደጋግሞ አወለቀው። ሰይድን ያገኘሁት ሞፈር ሲጠርብ ነው። አርባዎቹን የዘለቀ፣ ቀጭን ሰው ነው። አጠገቡ የአገሬው የበርታ ሰው የሆኑት ሽማግሌ ጎረቤቱ አቡ ሐሰን ተቀምጠዋል። የሰይድ ሚስት ዘሀራ ውሃ አቀረበችልኝ።

ማለዘቢያ ስላጣሁ እንዳለ ነገርኩት። ሕጉ የእኛ አይደለም፣ የአሜሪካ ነው፤ ከወጣም ከመቶ ዓመት አልፎታል።

ሰይድ መጥረቢያውን አስቀመጠ። "ታዲያ የሰው አገር ሕግ እኛ ሰሌዳ ላይ ምን ይሠራል?"

የጫማዬን ጭቃ በእንጨት መፋቅ ጀመርኩ።

አቡ ሐሰን ወደ እኔ ዞሩ። "እዚያ አገር፣ በፊት የነበረ ሰውስ?"

"ገፏቸው።"

"ጠየቋቸው?"

"መጽሐፉ ላይ አላየሁም።"

"ኻላስ፣ በቃ። እንዲህ ያለ ሕግ እንኳን እዚህ አልመጣ።"

ዘሀራ ባሏን አየችው። "አንተስ መች ጠየቅሃቸው?"

"መንግሥት ነው ያሰፈረኝ። ማንን ልጠይቅ?"

"እኔን" አሉ አቡ ሐሰን። "ቤቴ ሩቅ ነው? አስር ዓመት አንድ መስጊድ እንሰግዳለን። ጨው ጠየቅህ፣ በሬ ጠየቅህ። መሬት አልጠየቅህም።"

ሰይድ ቆቡን አወለቀና ቆመ። "እሺ አቡ ሐሰን። አሁን እጠይቅዎታለሁ።"

"አንተ አስር ዓመት ቆየህ፤ እኔ አንድ ቀን ልቆይ። ወንድሞች አሉኝ። ነገ፣ ከጁምዓ በኋላ።"

"የወሎው መኪና ጠዋት ነው የሚሄደው።"

"አውቃለሁ" አሉና ተነስተው ሄዱ።

አርብ፣ በመንደሩ

ሥራ ገበታዬ ላይ መገኘት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ግን ቀረሁ። መኪናው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ዘሀራ ጓዙን እንደገና አስራ በር ላይ አስቀምጣለች። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

"ሰይድ፣ የመጨረሻዬ ነው። ከዚህ በኋላ መንገዱ እስከ ጥቅምት አያስገባም። ደግሞ ቆመህ አትየኝ፤ ወይ ውጣ ወይ ሸኝ።"

ሰይድ እስሩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። "ጠይቄ መልሱን ሳልሰማ ብሄድ ነውር ነው" አለ። ዘሀራ አልተቃወመችውም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ማልቀሷን ግን አይቻለሁ። መኪናው ሄደ።

ስምንት ሰዓት ላይ አቡ ሐሰን ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር መጡ። ንግግራቸው አጭር ነበር።

"እረስ። አትሸጥም። ከሄድክ መሬቱ ለኛ ይመለሳል።"

"ልጆቼስ?"

"ልጆችህ ይጠይቃሉ። አፍ የላቸውም?"

ዘሀራ ሳቀች። ሰይድ የሦስቱንም እጅ ጨበጠ። ይጻፍልኝ ብሎ ወደ እኔ ሲዞር አቡ ሐሰን ከለከሉ። "ድሮም ወረቀት ይዘው መጥተው ነው መሬት የወሰዱብን።" እርሳሴን ከተትኩ።

ቅዳሜ፣ አሶሳ

ወደ ማታ ገባሁ። ስለ እያንዳንዱ ሕግ ቀኑን፣ ዓመቱንና ፈራሚውን ሦስት ጊዜ ሳላመሳክር አልለጥፍም ነበር። ሕጉ ሲወጣ ማን ሳይጠየቅ እንደቀረ ግን አንድም ቀን ፈልጌ አላውቅም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ለሌላው ሳይሆን መጀመሪያ ለራሴ። እኔም በደርግ ጊዜ በአስራ አንድ ዓመቴ ከወሎ የመጣሁ የሰፋሪ ልጅ ነኝ።

አባቴ እራት ሲበላ ጠየቅኩት። "ከኛ በፊት ይህን ቦታ ያረሰው ማነው?"

"ባዶ ነው አሉን።"

"እነማን?"

"ያመጡን።" ጥቂት ጎረሰና አቆመ። "ቤቱን ስንሠራ ግን ከመሬቱ ውስጥ የወፍጮ ድንጋይ አውጥተናል። መሀሉ በጣም የተበላ።"

ነገ ሄደን ልንጠይቅ ተስማማን። ማን ዘንድ እንደምንሄድ ግን ሁለታችንም አናውቅም።