ለጋሽ ደምሴ በቁማቸው የተለቀሰላቸው በእኔ ስዕል ነው

ዛሬ እትዬ አልማዝ በሕይወት ላሉት ጎረቤታችን፣ ለጋሽ ደምሴ፣ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ሰበቡ የእኔ ስዕል ነው።

ታላቅ ወንድሜ ናቲ ካረፈ ወዲህ ስልኬ ላይ ያሉትን ቪዲዮዎቹን ሳይ ነው የምውለው። ክፍል ውስጥ እንኳን በደብተር ከልዬ አያለሁ።

እማዬ «በቃ፣ ዓይንህ ሊጠፋ ነው!» ስትለኝ ስልኩን ሰጠኋትና ፊቱን ከጭንቅላቴ አውጥቼ በእርሳስ መሳል ጀመርኩ። ያለ ስልክ ይጠፋብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ችግሩ፣ ጋሽ ደምሴ ሊያጽናኑን በየቀኑ መጥተው ስስል ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ።

ስዕሉን ጨርሼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እትዬ አልማዝ ሱሉልታ ልጃቸው ጋ ከርመው ገና መመለሳቸው ነው። ለቅሶ ሊደርሱ ገብተው ስዕሉን ሲያዩ፣ «ወይኔ! ጋሽ ደምሴንም ወሰደብን?» ብለው ጮኹ።

«ኧረ አለሁ!» አሉ ጋሽ ደምሴ ከሶፋው ላይ።

እትዬ አልማዝ ይባስ ብለው ጮኹ።

ሁላችንም ስዕሉን ከበብነው። ጢሙም መላጣውም የጋሽ ደምሴ ነው። ናቲ ደግሞ ጢም እንኳን አልነበረውም!

«ከሞትኩ አይቀር ፀጉር ጨምርልኝ» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ፊቱን ረሳሁት ብዬ እንባዬ መጣ።

እማዬ ስዕሉን አውርዳ ትክ ብላ አየችው። «ጆሮው የናቲ ነው» አለች። «ግራው ወጣ ይላል። ቪዲዮዎቹ ላይ እኮ አይታይም፤ ሁልጊዜ ኮፍያውን ጆሮው ድረስ አድርጎ ነው።»

ስልኩ እሷው ጋ ይቆይ።

የሚወደውን ሰው ስሎ ሌላ ሰው የወጣበት ካለ ስዕሉን ከሥር ይለጥፍልኝ፤ ብቻዬን አይሳቅብኝ።