የናኦልን እንጥል ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሐሜቱን፣ ጾም መግደፌን፣ ቂሜን። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። «ሌላስ፣ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም፣ አባቴ» እላለሁ። ሌላ አለ። ይህን የምታነበው ሰው፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም፤ የደፈርኩትም ፊትህን ስለማላይ ይሆናል።

ናኦል የወንድሜ ልጅ ነበር። ገና ዓመት አልሞላውም። ወንድሜ ደረጀ ሥራው ባኮ ስለነበር አምቦ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ሚስቱ ሌንሳ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። እኔ አላገባሁም፤ እነሱ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዤ እኖር ነበር። ሥራዬ ማስተማር ነው፤ ባዮሎጂ። ይህን ልብ በልልኝ። የሰውን ጉሮሮ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ፣ ክፍሎቹን በቀስት እያመለከትኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ክረምት ነበር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ናኦል ያስለው ጀመር። በዚያው ሰሞን ሌንሳን መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና አዲስ ዓለም ከተማ ላካት። ልጁን እንዲይዙ እናቷ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ መጡ። አኮ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ፤ የጎጆ ብርድ ፊታቸውን አጥቁሮታል።

ሌንሳ ልትሄድ ስትል እራት ላይ ተቀምጠን ልጁ አሳለና ወተቱን መለሰው። አኮ ትክ ብለው አዩት።

«ይሄ ልጅ እንጥሉ ወርዶ እንዳይሆን» አሉ።

ሌንሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እማ፣ የልጄን ጉሮሮ ማንም እንዳይነካብኝ! ሳሉ ከባሰበት ጤና ጣቢያ አለ። ሰምተሻል?»

«ቶሌ» አሉ አኮ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «አልነካም፣ ልጄ።»

እኔስ ምን አልኩ? እኔማ ንግግር አደረግሁ። እንጥል መውረድ የሚባል በሽታ እንደሌለ፣ እንጥል ማንም ሰው ጉሮሮ ውስጥ ያለ ሥጋ እንደሆነ፣ መቁረጡ ደምና መርዝ እንደሚያመጣ አስረዳሁ። ሌንሳ በኩራት አየችኝ። «እሷን ስሚ፣ እማ» አለቻቸው።

ሌንሳ ሄደች። ሳሉ ግን አልተወውም። ባሳለ ቁጥር ፊቱ ይቀላል፣ የጠጣውን ይመልሳል። እኔ ደግሞ ልጁ ባሳለ ቁጥር የማስበው ሰሌዳ ላይ የሳልኩትን ጉሮሮ አልነበረም። ሟች እናቴን ነበር። እናቴ እኔንም ደረጀንም አስቆርጣናለች፤ ደረጀ ሕፃን ሳለ ታንቆ ሊሞትባት ሲል በዚያ እንደተረፈ እየማለች ትናገር ነበር። ይህ በልቤ ተቀብሮ እንደነበር አላውቅም ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ በላይነሽ በአጥሩ በኩል የልጁን ሳል ሰምታ «የኔን ልጆች ያተረፉልኝ ኦቦ ደበላ ናቸው፤ እጃቸው መድኃኒት ነው» ስትለኝ፣ የት እንደሚኖሩ ጠየቅኋት። እኔ ነኝ የጠየቅሁት። እሷ ውሰጂው አላለችኝም።

አኮ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ የወጡበትን ጠዋት ጠበቅሁ። ለምን ጠበቅሁ? ነገሩ ትክክል ነው ብዬ ካመንኩ ለምን ተደበቅሁ?

ናኦልን አዝዬ ሁሉቃ ወንዝን ተሻገርኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ ድፍርስርስ ብሎ ይጮኻል። ኦቦ ደበላ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አወጡልኝ። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ክፉ ነበሩ ብል ውሸቴን ነው። «አይዞሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፤ አንዴ ነው» አሉኝ። ማጭድ የምትመስል ትንሽ ጠማማ ብረት ከጨርቅ ውስጥ ፈትተው አወጡና በአረቄ አለቀለቋት። «ጭንቅላቱን አጥብቀሽ ያዥ» አሉ።

ያዝኩ። ጭንቅላቱን በሁለት እጄ የያዝኩት እኔ ነኝ። እግሮቹን በክንዴ የጨፈለቅሁት እኔ ነኝ። ቀና ብሎ እኔኑ ያይ ነበር፤ የሚያውቀው ሰው እኔ ነበርኩና። ጩኸቱ መሃል ላይ ተቆረጠና እንደ መታነቅ ያለ ድምፅ ሆነ። ከዚያ ደም መጣ። «ክፉ ደሙ ነው፣ ይውጣ» አሉ ሽማግሌው። እኔም፣ የባዮሎጂ መምህሯ፣ ራሴን ነቀነቅሁ።

ቤት ስደርስ አኮ ተመልሰው ነበር። የልጁን አፍ የጠረግሁበትን ፎጣ አዩት።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ?»

«ጥርስ እያወጣ ነው፤ ድዱ ደማ» አልኳቸው።

ፎጣውን ከእጄ ተቀብለው ገለጥ አድርገው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ፎጣውን ይዘው ወደ ቧንቧው ሄዱ።

ልጁ ጡጦ ሲያይ ፊቱን ያዞር ጀመር። ምራቁ ደም እየቀላቀለ ደረቱ ላይ ይዝረከረካል። በማግስቱ ሰውነቱ እንደ እሳት ሆነ። ዳማከሴ ጨምቄ በጠብታ ላጠጣው ሞከርኩ፤ አልዋጥ አለው። አኮ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ሐኪም ቤት እንውሰደው» አሉኝ። «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» አልኩ። ትንሽ ቆዩና ደገሙት። «ከተማውን አላውቀውም እንጂ እኔው እወስደው ነበር። ተነሽ፣ ልጄ።» አልተነሣሁም።

ኃጢአቴ ማስቆረጤ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ተሳሳትኩ፣ ፈራሁ፣ እናቴን አመንኩ ባልኩ ነበር። ሐኪም ቤቱ ከቤታችን ሩቅ አልነበረም። ያልወሰድኩት ሐኪም አፉን እንደሚከፍት ስላወቅሁ ነው። ሐኪም ከከፈተ ሌንሳ ታውቃለች። ልጁ እየነደደ እኔ የሳሳሁት ለስሜ ነበር። ሌንሳ ስትደውል «ደህና ነው፣ ተኝቷል» አልኳት። ተኝቶ ነበር፤ ያ እንቅልፍ ግን የጤና እንቅልፍ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ሌንሳ ሥልጠናዋን ጨርሳ ከሰዓት በኋላ ገባች። ግንባሩን ነካችና ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ልጁን ታቅፋ ሮጠች። እኔና አኮ ተከተልናት። ሐኪሙ ወጣት ነበር። አፉን ከፍቶ በባትሪ አየ። ከዚያ «እንጥሉን ማን ነው የቆረጠው?» አለ።

«ማንም አልቆረጠውም» አለች ሌንሳ።

«ተቆርጧል። መርቅዟል፤ መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ያኔውኑ ብታመጡት ኖሮ...» ንግግሩን አልጨረሰውም። «ለሳል ብላችሁ ነው? ሳሉ'ኮ በራሱ የሚያልፍ ነበር።»

ሌንሳ ወደ እኔ አልዞረችም። ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠረችኝም። የዞረችው ወደ እናቷ ነበር።

«አንቺ ነሽ! እየነገርኩሽ! እየለመንኩሽ!»

«አኒ ሚቲ» አሉ አኮ። እኔ አይደለሁም ማለታቸው ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው እኔን አዩኝ። ጠበቁኝ። ኮሪደሩ በሙሉ የሚጠብቀኝ መሰለኝ። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው።

«ሌንሳ፣ ይሄን አሁን ተዪው፤ ልጁ ይዳንልን» አልኩ።

አየህ? አልዋሸሁም። አኮ ናቸው አላልኩም። ግን ያችን ያህል በእሳቸው ላይ የፈረደ ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። አጥፊዋን አውቄ የሸፈንኩላት ደግ ሴት መስዬ ቆምኩ። አኮ አንገታቸውን ደፉ።

ናኦል እሑድ ጠዋት፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ሞተ።

ደረጀ ለፖሊስ ልንገር ብሎ ነበር፤ ማን እንደቆረጠው አማቴ ይናገሩ ብሎ አበደ። «ተዋቸው፣ አሮጊት ናቸው» ብዬ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ለቀስተኛው ሁሉ አስተዋይነቴን አደነቀ። ከሰልስቱ በኋላ ሌንሳ እናቷን ከቤት አስወጣች። መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋቸውም እኔ ነበርኩ። የጎጆ ሚኒባስ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ በመስኮቱ እጄን ያዙኝ።

«እኔን አታምነኝም። አንቺ ንገሪያት» አሉኝ።

«ሐዘኑ ይብረድላትና እነግራታለሁ፣ አኮ።»

«ቶሌ» አሉ። አመኑኝ።

ሐዘኑ በረደ። እኔ አልነገርኩም። ድንች በደረሰ ቁጥር አኮ ከጎጆ በሚኒባስ ይልኩ ነበር። ሌንሳ ከደጅ እንዳይገባ ስላለች ሄጄ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ሾፌሩ ጆንያውን እያወረደ «አኮ ሰላም ብለዋል፤ ነገርሻት ወይ ብለዋል» ይለኛል። ስለ ድንቹ የሚጠይቁ ይመስለው ነበር። «ሰላም በልልኝ» እላለሁ። ዓመት አልፎ ዓመት መጣ። ሌንሳ ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጅቷ አያቷን ሳታውቅ አደገች። ሾፌሩ ቆየት ብሎ ሰላምታውን ብቻ ያደርሰኝ ጀመር፤ ጥያቄው ቀረ።

ዘንድሮ አኮ ሞቱ። ጎጆ ለቀብር ስንወጣ መንገዱ ተበላሽቶ አርፍደን ደረስን። ሌንሳ አስከሬኑ ላይ ወድቃ «ልጄን ብትገድዪብኝም ይቅር ብዬሻለሁ፣ እማ! ይቅር ብዬሻለሁ!» እያለች ጮኸች። የመንደሩ ሰው ሰማ። የአኮ እኅቶች ሰሙ። እኔ ክንዷን ይዤ ደግፌያት ነበር። በእናቷ አስከሬን ፊት እንኳ አፌ አልተከፈተም። ስንመለስ መኪና ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ «እትዬ አልማዝ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችኝ።

ዛሬም አስተምራለሁ። ያ ምዕራፍ ሲደርስ ተማሪዎቼን «ልጅ ታሞባችሁ እንጥሉን እንቁረጥ፣ ግጉን እንንቀል የሚላችሁ ሰው ቢመጣ እሺ እንዳትሉ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ» እላቸዋለሁ። ድምፄ አይንቀጠቀጥም። «ቲቸር፣ ያየሽው ሰው አለ?» ብላ አንዲት ልጅ ጠየቀችኝ። «ሰምቻለሁ» አልኳት።

ባለፈው ሳምንት ልነግራት ቆርጬ የሌንሳን በር አንኳኳሁ። በደስታ ከፈተችልኝ፤ ትንሿ ልጅ ሮጣ ጉልበቴን አቀፈችኝ። «ግቢ እንጂ፣ እትዬ» አለች ሌንሳ። ደጃፉ ላይ ቆሜ አየኋት። ከዚያ ጨው አልቆብኛል አልኳት። ሰጠችኝ። ይዤ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅር ማለት የምትችለው አንዷ ጎጆ አፈር ውስጥ ናት፣ ሌላዋ ይቅር የምትለው ነገር እንዳለ አታውቅም። አላወቅሁም እንዳልል አውቅ ነበር፤ ጊዜ አጣሁ እንዳልል ዓመታት ነበሩኝ። ናኦልን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። በአኮ ላይ የፈረድኩት እኔ ነኝ። የሌንሳ በር ደግሞ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ አሁን እንኳ መብራቷ ይታየኛል።